ስለ ሳል ከረሜላ አሠራርና ስለ ሳል ቀን አቆጣጠር

ሳል የማይገባበት ቤት የለም። ባለጸጋውም ድኻውም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በየዓመቱ ይስላል። ሐዋሳ ከተማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናትና ቀኑ ሞቃት ሲሆን የበጋው ሌሊትና ማለዳ ይቀዘቅዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ልጆች በብርድ ተነሥተው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ መንገዱ በደረቅ አቧራ ሲሞላ፣ በየማድ ቤቱም የማገዶ ጭስ ሲታፈን፣ ጉንፋንና ሳል ይበረታሉ። ያን ጊዜ መምህሩ ስም ሲጠራ ከ«አቤት» ጋር ሳልም አብሮ ይመልስለታል።

ሳል ያስቸገረው ሰው ወደ ሱቅ ሄዶ የሳል ከረሜላ ይገዛል። ነገር ግን የሱቁ ከረሜላ ከከተማ በራቁት ቀበሌዎች ሁልጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም ልጅ ለበዛበት ቤት ዋጋው ይከብዳል። ስለዚህ ከማር፣ ከስኳር፣ ከዝንጅብልና ከቶስኝ ንጹሕ የሳል ከረሜላ በቤት ውስጥ ማዘጋጀት የሚቻል መሆኑን መምህራንና ሽማግሎች ቢያውቁት ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

ከዚህ በታች ሁለት ነገር ይገለጻል። አንደኛው የከረሜላው አሠራር ነው፤ ሁለተኛው ሳል ከጀመረበት ዕለት አንሥቶ ቀን መቁጠር ነው። ሁለተኛው ካልታወቀ የመጀመሪያው ጥቅም ወደ ጉዳት ሊለወጥ ይችላል፤ ከረሜላ ጉሮሮን ሲያስታግሥ በሽታንም ሊሸሽግ ይችላልና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው የአባቶች ተረት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ሳል ምን እንደ ሆነ

ሳል ራሱ በሽታ አይደለም፤ የሰውነት ዘበኛ ነው። በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ውስጥ እጅግ ረቂቃን የሆኑ ነርቮች አሉ። አቧራ ወይም ጭስ፣ አክታ ወይም የምግብ ፍርፋሪ በነካቸው ጊዜ ወደ አንጎል ያስታውቃሉ። አንጎልም የደረትንና የሆድን ጡንቻ ያዝዛል። ሰውየው አየር ይስባል፤ ጉሮሮው ለቅጽበት ይዘጋል፤ ቀጥሎም የታፈነው አየር በኀይል ይወጣል። በዚህም ወደ ሳምባ ሊገባ የነበረው ነገር ተጠርጎ ይወገዳል።

እንግዲህ ሳልን ሁሉ ማፈን አይገባም። አክታ ያለበት ሰው ካልሳለ አክታው በሳምባው ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን ጉንፋን ካለፈ በኋላ ጉሮሮ ተቆጥቶ ይቀራል፤ የሚጠረግ ነገር ሳይኖርም ሰውየው ደረቅ ሳል ይስላል። ሳሉ ጉሮሮውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀውም ጉሮሮ እንደ ገና ያስላል። ከረሜላው የሚረዳው ለዚህ ዓይነቱ ሳል ነው። በአፍ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሟሟ ምራቅ ይበዛል፤ ምራቁም ከማሩና ከስኳሩ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮውን ይሸፍነዋል፤ ደጋግሞ መዋጡም የማሳልን ፍላጎት ይቀንሳል።

የከረሜላው ሥራ በዚህ ያበቃል። የጉንፋንን ጀርም አይገድልም፤ የሳምባንም በሽታ አይፈውስም። ጉንፋን የሚለቀው ሰውነት ራሱ ሲያሸንፈው ነው፤ ከረሜላው እስከዚያ ድረስ ሕመሙን ያቀልላል፤ እንቅልፍም እንዲገኝ ይረዳል።

የቀድሞ ልማድና የዛሬ ምርመራ

የኢትዮጵያ ሰዎች ከረሜላ ሳይታወቅ በፊት ሳልን በማር ያስታግሡ ነበር። ማር በቅቤ መላስ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር መብላት፣ የተልባ ውኃ ከማር ጋር ሞቅ አድርጎ መጠጣት፣ አብሽ ማፍላት፣ ቶስኝ እንደ ሻይ መጠጣት በብዙ ቤት የታወቀ ነው። ተልባ በውኃ ሲርስ ልጋግ ያወጣልና የተፋቀ ጉሮሮን ለማለስለስ ይስማማል።

የማርን ጥቅም የዛሬ ሐኪሞችም መርምረውታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ የሚኖሩ ሐኪሞች በጉንፋን ምክንያት ሌሊት የሚያስላቸውን 105 ልጆች በሦስት ክፍል አድርገው መረመሩ። ለአንደኛው ክፍል ከመኝታ በፊት ማር፣ ለሁለተኛው የታወቀ የሳል መድኃኒት ሰጡ፤ ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ማር የተሰጣቸው ልጆች ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳላቸው ቀለለ፤ እንቅልፋቸውም ተሻለ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2001 በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ልጆች ሳልና ጉንፋን ባወጣው ጽሑፍ ጉሮሮን ለማለስለስ ከሚረዱት ርካሽ ነገሮች መካከል ማርን ቆጥሮታል። ስለዚህ ከአያቶች የተወረሰው የማር ልማድ መሠረት ያለው መሆኑ ተረጋግጧል።

ነገር ግን የቀድሞ ልማድ ሁሉ መልካም አይደለም። ሕፃን ሲስል ወይም ጡት አልይዝ ሲል እንጥሉን ማስቆረጥ በብዙ አገር የተለመደ ነበር። ይህ ሥራ ደም ያፈስሳል፤ ባልተቀቀለ ምላጭም መንጋጋ ቆልፍንና ሌላ ክፉ በሽታ ያስገባል፤ ሳሉንም አያድነውም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ እንጥል በመቁረጥ ሕፃን እንዲሞት ያደረገውን ሰው ይቀጣል። ሽማግሎች ማሩን ሲያስተምሩ ምላጩን ሊከለክሉ ይገባል።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመቶ ያህል ከረሜላ የሚበቃው መጠን እንዲህ ነው። ስኳር 2 ብርጭቆ፤ ንጹሕ ማር ሩብ ብርጭቆ፤ የአውራ ጣት ርዝመት ያለው እርጥብ ዝንጅብል 2 ፍሬ፤ የደረቀ ቶስኝ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ቅርንፉድ 4 ፍሬ፤ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ውኃ 2 ብርጭቆ። ዳግመኛም ትሪውን ለመቀባት ጥቂት የምግብ ዘይት፣ ለመነስነሻ የሚሆን በሙቀጫ ተወቅጦ የላመ ጥቂት ስኳር ያስፈልጋል። ዕቃውም አንድ ወፍራም የብረት ድስት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ሰፊ ትሪ፣ የማጥለያ ንጹሕ ጨርቅና ቀዝቃዛ ውኃ የተሞላ አንድ ብርጭቆ ነው።

እነዚህ ሁሉ በሐዋሳ ገበያ ይገኛሉ። ዝንጅብል በጎረቤቶቹ በወላይታና በከምባታ ይበቅላል። ቶስኝ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ በባሌ ተራሮች ሜዳውን የሚያለብስ መዓዛው ያማረ ቅጠል ነው። ስኳር ቀድሞ ከውጭ አገር በብዙ ዋጋ ይመጣ ነበር፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በአገር ውስጥም ይመረታል። ማሩ ሰም፣ ንብና ቆሻሻ የሌለበት፣ ስኳርም ያልተቀላቀለበት ይሁን።

ስለ ሁለት ተክሎች ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ጉንፋን የያዘው ሰው ቅጠሉን አፍልቶ በእንፋሎቱ ይታጠናል። ነገር ግን ዘይቱ ቢዋጥ፣ ይልቁንም ለልጅ፣ መርዝ ነው፤ የፈላው ውኃም ተገልብጦ ልጅን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ወደ ከረሜላው አይገባም። ጤና አዳምም በቡና ቢለመድም እርጉዝን ሴት ሊጎዳ የሚችል ኀይል አለውና በዚህ ሥራ አይጨመርም። ቅጠል ሁሉ ከእግዜር የተሰጠ ነው ብሎ ሳይለዩ ማፍላት የዐዋቂ ሥራ አይደለም።

አሠራሩ

መጀመሪያ ዝንጅብሉ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ይወቀጣል። ከቶስኙና ከቅርንፉዱ ጋር በ2 ብርጭቆ ውኃ ተጨምሮ፣ ድስቱ ተከድኖ በመጠነኛ እሳት 20 ደቂቃ ያህል ይፍላ። ከዚያም ክዳኑ ተነሥቶ ውኃው 1 ብርጭቆ እስኪቀር ድረስ ይቆይ፤ በጨርቅም ይጥለል፤ ዝቃጩ ይጣል።

ሁለተኛ፣ የተጠለለው ውኃ ወደ ታጠበው ድስት ተመልሶ ስኳሩ፣ ማሩና የሎሚው ጭማቂ ይጨመሩበት። ስኳሩ ፈጽሞ እስኪሟሟ ድረስ በለዘብተኛ እሳት ይማሰል። ከሟሟ በኋላ ግን ማማሰል ይቅር። ምክንያቱም ስኳር ፈልቶ ሲበርድ ወደ ቀድሞ ጥራጥሬነቱ መመለስ ይወድዳል፤ በማንኪያ ሲናወጥ ደግሞ ይህ ጠባዩ ይብሳል፤ ከረሜላውም እንደ አሸዋ ይፈረፈራል። ማሩና ሎሚው የሚጨመሩት ለጣዕም ብቻ አይደለም። የሎሚው ኮምጣጣነት ስኳሩን በከፊል ሁለት ወደ ሆኑ ቀላል የስኳር ዓይነቶች ይከፍለዋል፤ እነዚህም በማር ውስጥ ያሉት ናቸው፤ በስኳሩ መካከል ገብተውም ጥራጥሬ እንዳይሆን ይከለክላሉ። ደግሞ ማር ብቻውን ቢፈላ ምን ይሆናል ቢባል፣ ቶሎ ያርራል፤ ከአየሩም እርጥበት ስለሚስብ ከረሜላው ሲጣበቅ ይኖራል። ስለዚህ ስኳሩ አካል፣ ማሩ ረዳት ሆነው አብረው ይሠራሉ።

ሦስተኛ፣ እሳቱ ሳይበዛ ሳያንስም ይፍላ። እየፈላ ሲሄድ ውኃው በእንፋሎት ይወጣል፤ አረፋውም ከትንሽነት ወደ ትልቅነትና ወደ ዝግታ ይለወጣል፤ መልኩም እንደ ጠጅ ይሆናል። የመብሰሉ ምልክት በቀዝቃዛ ውኃ ይታወቃል። በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ተቀድቶ በብርጭቆው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንጠባጠብ። በመጀመሪያ እንደ ክር ይዘረጋል፤ ቆይቶ በጣት የሚድቦለቦል ለስላሳ ነገር ይሆናል፤ ከዚያም ይጠነክራል፤ በመጨረሻ ከውኃው ሲወጣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በዚያች ሰዓት ድስቱ ከእሳት ይውረድ። ከዚህ ቢያልፍ ይጠቁራል፤ ይመርራል፤ ከዚህ ቢያንስ ጥርስ ላይ ይጣበቃል።

በውጭ አገር መጻሕፍት ይህ ሰዓት በሙቀት መለኪያ 150 ዲግሪ ገደማ እንደ ሆነ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ግን በባሕር ጠረፍ ላሉ አገሮች የተነገረ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህም ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በሐዋሳ በ94 ገደማ፣ ከሐዋሳ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ በ92 ገደማ ይፈላል። ከረሜላውም በሐዋሳ በመጽሐፉ ከተጻፈው 5 ወይም 6 ዲግሪ ቀድሞ ይደርሳል፤ መጽሐፉን ብቻ ያመነ ሰው ያሳርረዋል። የቀዝቃዛው ውኃ ምልክት ግን በቆላም በደጋም አያሳስትም። መምህራን ይህን ነገር ለተማሪዎቻቸው የአየርን ክብደት ለማስረዳት ጥሩ ምሳሌ አድርገው ሊያሳዩበት ይችላሉ።

አራተኛ፣ የወረደው ድስት አረፋው እስኪበርድ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያም ዘይት በተቀባው ትሪ ላይ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ እየተራራቀ ይንጠባጠብ። ድስቱ ውስጥ ያለው ከጠነከረ በለዘብተኛ እሳት ጥቂት ይሙቅና ሥራው ይቀጥል። ከረሜላው ሲበርድ ከትሪው ይላቀቃል፤ በላመውም ስኳር ይነሰነሳል።

በዚህ ሥራ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፈላ ስኳር ከፈላ ውኃ እጅግ ይሞቃል፤ በቆዳ ላይም ይጣበቃልና ጥልቅ ቁስል ያመጣል። ልጆች ወደ ምድጃው አይቅረቡ፤ ድስቱም ሳይጠበቅ አይተው። ሰው ቢቃጠል ቶሎ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም፤ ቁስሉ ሰፊ ከሆነም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አቀማመጡና አሰጣጡ

የሐይቅ ዳር አየር በክረምት እርጥብ ነው፤ ከረሜላም እርጥበት ይወድዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ በንጹሕ ደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ብልቃጥ ውስጥ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ ብዙ ሳምንት ይቆያል። በብልቃጡም ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፍ።

ሲሰጥ በአንድ ጊዜ 1 ብቻ፣ በቀን ከ4 ወይም ከ5 ባይበልጥ ይሻላል። ሰውየው ተቀምጦ ይምጠጠው፤ ሳይቆረጥም ሳይዋጥ በአፉ ይሟሟ። ልጅ እየሮጠ ወይም ተኝቶ ከረሜላ አይያዝ። ከመኝታ በፊትም አፉን ይጉመጥመጥ፤ የስኳር ቅሪት ጥርስን ይበላልና።

የማይሰጣቸው ሰዎች አሉ። አንደኛ፣ 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ መቅመስ አይገባውም። በማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ጀርም ረቂቅ ዘር ይገኛል፤ ይህም ዘር በሕፃኑ አንጀት በቅሎ ነርቭን የሚያሰንፍ መርዝ ያወጣል፤ ማሩ ቢፈላም በቀላሉ አይሞትም። ከዓመት በላይ የሆነው ሰው ግን አንጀቱ ስለ ጠነከረ አይጎዳውም። ለአራስ ማርና ቅቤ ማላስ ከፍቅር የመጣ ልማድ ቢሆንም መተው አለበት፤ እስከ 6 ወር የሕፃን ምግብና ማለስለሻ የእናት ጡት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ በጠንካራ ከረሜላ ሊታነቅ ይችላል። ዓመት ላለፈው ልጅ ከመኝታ በፊት 1 የሻይ ማንኪያ ማር ሞቅ ባለ ውኃ በጥብጦ መስጠት ይበቃል። ሦስተኛ፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን ከረሜላ አይውሰድ። ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን ግን የተልባ ውኃ ይስማማቸዋል።

ቀን ስለ መቁጠር

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንመለስ ዘንድ ይገባል። የጉንፋን ሳል ቀን በቀን እየቀነሰ ይሄዳል። 2 ሳምንት የሞላው ሳል ግን መመርመር አለበት። የኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለውን ሰው ሁሉ ስለ ሳምባ ነቀርሳ እንዲመረመር ያዝዛል። የዚህን በሽታ ጀርም ሮበርት ኮኽ የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1882 በፈረንጆች አቆጣጠር አግኝቶ ለዓለም አስታወቀ። በሽታው በአየር ይተላለፋል፤ ሲስሉና ሲናገሩ ከአፍ በሚወጣው ረቂቅ ነጠብጣብ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ከሳሉ ጋር የሌሊት ላብ፣ የማታ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ቢታይ፣ ይልቁንም በአክታው ደም ቢገኝ፣ 2 ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።

የሳል ከረሜላ አደጋው በዚህ ላይ ነው። አንድ አያት ሳል ያዘው እንበል። ከረሜላ ሲመጥ ይሻለዋል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይሠራለታል። ወር ያልፋል፤ ሁለት ወር ያልፋል። «የእርጅና ሳል ነው» እያለ በምድጃ ዳር ተቀምጦ የልጅ ልጁን በጭኑ ያቅፋል፤ ተረትም ይነግረዋል። በልጆች ላይ የሚገኘው የሳምባ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ በቤት ካለ ዐዋቂ የተቀበሉት ነው። ያ ሽማግሌ ክፉ አላሰበም፤ ቀን ባለመቁጠሩ ብቻ በጣም የሚወደውን ልጅ ጎዳው።

ቀን መቁጠርና መመርመር ምን ያህል እንደሚጠቅም በሲዳማ ምድር ታይቷል። ዛሬ ሐዋሳ ዋና ከተማዋ የሆነችው ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከመሆኗ በፊት ዞን ነበረች። በዚያን ጊዜ፣ ከጥቅምት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ 2 ሳምንት የሳለውን ሰው እየጠየቁ አገኙ፤ አክታውንም በመንደሩ ተቀብለው በመስታወት ላይ አዘጋጁ። ተቆጣጣሪዎቻቸው መስታወቱን ወደ ላቦራቶሪ አደረሱ፤ የታመመውም ሰው በቀበሌው መድኃኒት ጀመረ። ቀድሞ ሐመምተኛው ራሱ ብዙ መንገድ ተጕዞ ጤና ጣቢያ መድረስ ነበረበት። ከዚህ የተነሣ በአክታ ምርመራ የሚታወቁት ሕሙማን ከ100,000 ሰው 64 የነበሩት በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ 127 ሆኑ፤ ሕክምናቸውን በመልካም የሚጨርሱትም ከ100 ሕሙማን 77 የነበሩት 93 ሆኑ።

እነዚህን ቁጥሮች ያነበበ ሰው በሽታው በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ ብሎ እንዳያስብ። ሕሙማኑ ቀድሞም ነበሩ፤ በየቤታቸው ይስሉ ነበር፤ ቆጥሮ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ወደ ቤታቸው የሄዱትም የሩቅ ሰዎች አይደሉም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ያስቀመጣቸው፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ናቸው።

የሳምባ ነቀርሳ ይድናል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ዋጋ ይሰጣል። መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ሌላ የማስተላለፍ ኀይሉ እጅግ ይቀንሳል። ተሽሎኛል ብሎ ሳይጨርስ ቢተወው ግን በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል።

ጊዜ የማይሰጥም ሳል አለ። ሕፃን እየሳለ በችኮላ ቢተነፍስ የሳምባ ምች ሊሆን ይችላል። ልጁ ሳያለቅስ ጸጥ ባለ ጊዜ ትንፋሹ 1 ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው ሕፃን 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታች ክፍል ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፣ ያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ሲስል ግን ትንፋሹን በመቁጠር ጊዜ ሳይጠፋ ይሂድ። ትክትክ የተባለውን ሳል ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ይከላከላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

ለትምህርት ቤት የሚሆን ሥርዓት

ከረሜላውን የሚሰጥ መምህር አንድ ትንሽ ደብተር ይኑረው። በደብተሩ የልጁ ስም፣ ሳሉ የጀመረበት ቀን፣ 14ኛውም ቀን ይጻፍ። ሳሉ የጀመረበት ቀን 1 ተብሎ ይቆጠራል፤ ለምሳሌ ኅዳር 3 ቀን የጀመረ ሳል ኅዳር 16 ቀን 14 ይሞላዋል። በዚያ ቀን ልጁ የሚስል ከሆነ ሌላ ከረሜላ አይሰጠው፤ መምህሩ ወላጁን ጠርቶ በቀስታ ይንገረው፤ ወደ ጤና ኬላም ይላካቸው። ደብተሩ በክፍል ፊት አይነበብ። ሳሉ የታወቀበት ልጅ ባልንጀሮቹ ቢሸሹት በሌላ ቀን ሳሉን በክርኑ አፍኖ ይደብቃል፤ መምህሩም ያን ጊዜ የሚቆጥረው አያገኝም። የክፍሉም መስኮት በብርድ ቀን እንኳ ጥቂት ይከፈት፤ ነፋስ በሚዘዋወርበት ቤት በሽታው አይጠራቀምምና።

ሽማግሎች ደግሞ በዕድርና በቡና ላይ ቃላቸው ይሰማል። አንድ የተከበረ ሽማግሌ «ሳሌ 2 ሳምንት ሞላው፤ አክታዬን ልመረመር ሄድሁ» ብሎ በሰው ፊት ቢናገር፣ ከእርሱ በኋላ አሥር ሰው ሳያፍር ይሄዳል። ይህ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

እንግዲህ ዝንጅብሉ ይወቀጥ፣ ማሩም ይጥለል፤ ጉሮሮው የተፋቀ ልጅ ጣፋጭ ነገር በአፉ ይዞ ትምህርቱን ይስማ። ነገር ግን ከረሜላው በብልቃጥ ሲቀመጥ ቀኑም በደብተር ይቀመጥ፤ ከብልቃጡ ከረሜላ የሚያወጣ እጅ አስቀድሞ ደብተሩን ይክፈት።